የአፈር እርሾ

ከእኛ ቤት ጀርባ አንድ ጥቁር መሬት ነበር። ጥቁር ስል ጤፍ የሚበቅልበት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። መርካቶ ውስጥ፣ ከጎጃም በረንዳ ወደ ውስጥ በሚያስገባው ቅያስ ላይ፣ ለብዙ ዓመታት ጋራዥ ሆኖ የኖረ ግቢ ነው። መካኒኮቹ የጭነት መኪና ሆድ ሥር እየተኙ የተቃጠለ ዘይቱን፣ ናፍጣውንና ግራሶውን እዚያው ሲያፈሱት ኖሩ። አብዮቱ መጥቶ ጋራዡ ሲዘጋ ግቢው ለቀበሌው ቀረ። ቆርቆሮውንና ብረታ ብረቱን ሰው ወዲያው ተቀራመተው፤ ዘይት የጠጣውን አፈር ግን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በበጋ ሲረግጡት ጫማ ይዞ ያስቀራል። በክረምት ውሃ አይጠጣም፤ ዝናቡ ላዩ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም እያሳየ ይተኛና ወደ ታች ይወርዳል። ታች ያለችው አንድ ክፍል ቤት የእትዬ ነበረች።

እትዬ ሲባል ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው እሳቸውን ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ለመጻፍም ፊቱ የለኝም። ከወሎ የመጡ ሙስሊም ነበሩ። ባላቸው እዚያው ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ሆነው ሲሠሩ ኖረው ከመዘጋቱ በፊት ሞቱ። ልጅ አልነበራቸውም። ጠዋት ጠዋት አትክልት ተራ ይሄዱና ከመኪና ሲራገፍ የተጨፈለቀውን ቲማቲም፣ የጠወለገውን ቆስጣ፣ ጅምላ ነጋዴ የናቀውን ካሮት በርካሽ ሰብስበው በጀርባቸው ያመጣሉ፤ ደጃቸው ላይ ጆንያ ዘርግተው ይቸረችራሉ። ጉልበታቸው እየከዳቸው ስለነበር መንገድ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ያርፉ ነበር። በየክረምቱ ደግሞ ያ ባለቀለም ውሃ በግድግዳቸው ሥር ሾልኮ እየገባ መደባቸውን ያርሰዋል።

ከእናቴ ጋር የነበራቸው ነገር ከጉርብትና ያለፈ ነው። እናቴ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም በመሆናቸው ሥጋ አብረው አይበሉም እንጂ ሌላው ሁሉ የጋራ ነበር። የአንዷ እርሾ ሲያልቅ ከሌላዋ ቤት በጣሳ ይቀዳል። እኔ ልጅ ሆኜ ያንን ጣሳ ይዤ ስመላለስ ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ እትዬ ለእኔ ከውጭ የማያቸው ሴት አልነበሩም። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማሳነስ አይደለም።

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት እትዬ ቀበሌ ሄደው መሬቱ ለጓሮ አትክልት እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ጎመንና ቆስጣ ደጃቸው ላይ ከበቀለላቸው አትክልት ተራ ድረስ መመላለሱ ይቀርላቸዋል፤ መሬቱ ውሃ መጠጣት ከጀመረ ደግሞ ቤታቸው አይርስም። የፈለጉት ይህንኑ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት በርበሬ በረንዳ አጠገብ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። መጀመሪያ የቀለዱበት መስሎት ነበር። ኋላ ግን ኮስተር አለና «ይህ የሙያ ጉዳይ ነው፤ ባለሙያ ይየው» አለ።

ባለሙያው እኔ ነበርኩ። ከእርሻ ኮሌጅ በዲፕሎማ ከተመረቅኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ የአካባቢያችንን ቀበሌዎች የጓሮ አትክልት እንድከታተል ተመድቤ ነበር። ከሰፈሩ ኮሌጅ ገብቶ የተመለሰ የመጀመሪያው ልጅ ስለሆንኩ እናቴን መንገድ ላይ ያገኘ ሁሉ «የዶክተሩ እናት» ይላታል። ሐኪም አለመሆኔን ልታስረዳ ሞክራ ሰለቻት፤ እኔ ግን ሞክሬም አላውቅ። በካኪ ሸሚዜ የደረት ኪስ ሁለት እስክሪብቶ እሰካ ነበር። አንዱ አይጽፍም።

ሄድኩና አየሁት። ከአፈሩ አንድ እፍኝ ዘገንኩ፣ አሸተትኩ፣ ፊቴን አጨማደድኩ። ከዚያ ሊቀመንበሩና እትዬ ባሉበት፣ የሬሳ ምርመራ እንደጨረሰ ሰው፣ «ይህ አፈር ሞቷል» አልኩ። መፍትሔውንም በካርቦን ወረቀት በሦስት ኮፒ ጻፍኩት፤ አንድ ሜትር ድረስ ተቆፍሮ በመኪና ይውጣ፣ በምትኩ ከከተማው ውጭ ቀይ አፈር ይምጣ የሚል ነው። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን፣ የእጅ ጋሪ እንኳ ለምኖ ለሚያገኝ ቀበሌ! ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አገላብጦ «ተቆፍሮ የሚወጣውስ የት ይደፋል?» ቢለኝ «የሚመለከተው ክፍል ያጠናዋል» አልኩት። የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

እትዬ ግን ዝም አላሉም።

«ልጄ፣ መሞቱን በምን አወቅህ?»

«አያዩትም እንዴ እትዬ፣ ምንም አልበቀለበትም።»

«ማን ምን ዘራበትና?»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። ሳቁ ወደ እኔ ስለነበር አልጣመኝም። ወዲያው እዚያው ቆሞ ፍርድ ሰጠ፤ ክረምት እስኪገባ ድረስ መሬቱ ላይ ለምለም ነገር ካየ የእትዬ ይሆናል፣ ካላየ ለኅብረት ሱቁ መጋዘን ይሠራበታል። እትዬ መሐረባቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩና «እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ያክብርልኝ» አሉ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ማለት ልማዳቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ዓይነት ሥራ በዘመኔ ብዙ ጊዜ አላየሁም። ከአናጺዎቹ ሰጋቱራ ለምነው በጆንያ ያመጣሉ። ጎጃም በረንዳ ካሉት የእህል መጋዘኖች ደጅ ገለባና ብናኝ ይጠርጋሉ። ከጋሪ ማቆሚያው የፈረስ ፋንድያ ይዝቃሉ፤ ባለጋሪዎቹ መጀመሪያ «እትዬ ወርቅ አገኙ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፣ ኋላ ራሳቸው አጠራቅመው ያቆዩላቸው ጀመር። ከአትክልት ተራ የበሰበሰ ጥቅል ጎመን ይመጣል። አንድ ጊዜ ከበርበሬ በረንዳ የበርበሬ ጥራጊ አምጥተው ሲበትኑት ቅያሱ በሙሉ ግማሽ ቀን ሲያስነጥስ ዋለ፤ ያንን ሁለተኛ አልሞከሩትም። ጥቁሩን አፈር በዶማ እየፈረፈሩ፣ አንድ ረድፍ አፈር፣ አንድ ረድፍ ፋንድያና ገለባ እያደረጉ ይከምሩታል፣ ውሃ ያርከፈክፉበታል፣ በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑታል። በየሳምንቱ ደግሞ ከላይ የነበረውን ወደ ታች፣ ከታች የነበረውን ወደ ላይ ይገለብጡታል። «አየር ካላገኘ ይታፈናል» ይሉ ነበር።

እኔ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ሳልነካቸው አላልፍም።

«እትዬ፣ ሰላጣው ደረሰ?»

«ደርሷል ልጄ። ዘይቱማ ሞልቷል፣ አንተ ሎሚ ይዘህ ና።»

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ለውጥ አልታየም። ክምሩ ይገማል፣ ናፍጣው ይሸታል። እትዬ ለመሞከሪያ ፌጦ ዘሩበት፤ ፌጦ ቸኩሎ የሚበቅል ነገር ስለሆነ አፈሩ ይሙት ይዳን ቶሎ ይናገራል። አንዲትም አልበቀለች። ደስ አለኝ። የአንዲት አሮጊት ፌጦ አለመብቀሉ ደስ ያሰኘው ሰው መሆኔን እዚህ ላይ መጻፍ አለብኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከቤታቸው ጓሮ፣ ከግድግዳው ሥር ተንበርክከው በማንኪያ አፈር ሲጭሩ አገኘኋቸው። እዚያች ጥግ ላይ ሰርዶ በቅሏል፤ ከሰርዶው ሥር ያለውን አፈር ነበር በጣሳ የሚያጠራቅሙት።

«ምን እያደረጉ ነው እትዬ?»

«እርሾ እየወሰድኩ።»

«የምን እርሾ?»

«የአፈር እርሾ ነዋ!» ብለው ቀና አሉ። «ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቱታውን ሳጥብለት እጣቢውን ሁሉ እዚህ ነበር የምደፋው። መጀመሪያ ሣሩን አቃጥሎ ጨረሰው። ሁለት ክረምት መላጣ ሆኖ ከረመ። ኋላ ይኸው እንደምታየው በቀለ። እኔ ደግሞ እጣቢ መድፋቱን አልተውኩም ነበር። ና ሽተተው።»

ጣሳውን አፍንጫዬ ሥር አደረጉት። የናፍጣ ሽታ የለውም። እርጥብ አፈር፣ አፈር ብቻ ይሸታል።

«እዚህ ውስጥ ያለው ነገር ዘይት መብላት ለምዷል» አሉ። «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ በዓይን አይታይም። እዚያኛው ግን ዘይቱ በአንድ ጊዜ በዝቶበት ነው የተቀበረው። የሚበላውም አላገኘ፣ የሚተነፍሰውም አላገኘ። ሊጡን አቡክተህ እርሾ ካልጣልክበት እንዲያው ተዘፍዝፎ ይቀር የለ? እንደዚያ ነው።»

ሳቅኩ። አብረውኝ ሳቁ፤ የሳቅኩባቸው አልመሰላቸውም።

ቤት ስገባ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ከአልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን ጎትቼ የኮሌጅ ደብተሬን አወጣሁ። የአፈር ትምህርት፣ ሁለተኛ መንፈቅ። በራሴ እጅ፣ በራሴ ሰያፍ ጽሑፍ ተጽፏል፤ በአፈር ውስጥ ከሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አንዳንዶቹ ዘይትን ምግባቸው ማድረግ ይችላሉ፣ ለዚህም አየር፣ እርጥበትና ከፋንድያና ከመሳሰለው የሚገኝ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋቸዋል፣ ዘይት ከለመደ ቦታ የመጣ አፈር ቢጨመር ሥራው ይፈጥናል ይላል። በቀይ አስምሬበታለሁ። ፈተና ላይ መጥቶ አግኝቼዋለሁ። ካገኘሁት በኋላ ረስቼዋለሁ።

እትዬ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ያገኙትን እኔ በቀይ አስምሬ ትቼው ነበር ማለት ነው። ሰው የሆነ ሰው ቢሆን በዚያችው ደቂቃ ደብተሩን ይዞ ይሮጣል፣ «እትዬ፣ ልክ ነዎት፣ መጽሐፉም እንደ እርስዎ ነው የሚለው» ይላል። እኔ ደብተሩን ወደ ካርቶኑ መለስኩት። ያንን ካልኩ ሦስቱን ኮፒ መሻር ሊኖርብኝ ነው። ባለሙያው ተሳስቷል፣ የቆስጣ ቸርቻሪዋ ትክክል ነበረች ሊባል ነው። ይህን አልቻልኩትም።

እርሾው ከገባ በኋላ ክምሩ ጠባዩን ለወጠ። ጠዋት ጆንያው ሲገለጥ እንፋሎት ይወጣው ጀመር። እጅ ሲሰድዱበት ይሞቃል። ሽታው በየሳምንቱ እየቀነሰ ሄደ። ሁለተኛው ፌጦ በቀለ፤ ግን ቢጫ ሆኖ ወደቀ። ሦስተኛው በግንቦት መጀመሪያ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሦስት ጣት ያህል ደርሶ ሳየው እትዬ ቤት አልነበሩም። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት። ከዚያ ማንም እንዳላየኝ ዞሬ አረጋግጬ ሄድኩ።

በዚሁ መሃል ወሬው ከሰፈሩ አምልጦ ነበር። «እትዬ ለአፈር እርሾ ይሰጣሉ» የሚለው ቃል ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሲሄድ «ለመሬት ይሰጣሉ» ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶ «ለመሬት ግብር ይገብራሉ» ሆነ። እርሾ የሚለው ጠፍቶ ግብሩ ብቻ ቀረ። ዝንብ በዛብን የሚሉ ጎረቤቶችም ተጨመሩበት። ጊዜው ደግሞ በየስብሰባው ኋላ ቀር እምነት የሚወገዝበት ነው። ሊቀመንበሩ ነገሩን ለእሑድ ስብሰባ አቀረበው። ያን ዕለት ከበላይ ጽሕፈት ቤት የመጣ አንድ ሰው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የእኔ አለቃም እሱ ነው።

የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። እትዬ ተጠርተው ተነሡ። በእጃቸው አንዲት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይዘው መጥተዋል፤ ውስጧ ፌጦ በቅሎባታል።

«ለመሬት የሚገብሩት ምንድን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እኔ ለፈጣሪ እንጂ ለመሬት ገብሬ አላውቅም። እርሾ ነው የጨመርኩበት፣ የአፈር እርሾ። ይኸው ፌጦው በቅሏል። የቀረው ጥቂት ነው፣ አሁን ጎመን ልዘራበት ነው። ሦስት ሳምንት ብቻ ታገሡኝ፣» አሉና ጣሳዋን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ጎንበስ አሉ። «አፈር ስሆንላችሁ!»

አንድ ሰው ከኋላ «ከሆኑማ እርሾ እንጨምርብዎታለን!» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። የፊት ወንበር ላይ ያለው ሰው ሳይቀር ፈገግ አለ። ሳቁ በረድ ሲል ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ ባለሙያ፣ እስቲ አንተ ተናገር። አፈር በእርሾ ይድናል?»

ተነሣሁ። በዚያ ዘመን ጥፋት ያጠፋ ብዙ ሰው ዘመኑን ሲከስ ሰምቻለሁ፤ አንዳንዱ እውነቱን ነው። እኔ ላይ ግን የተደገነ ነገር አልነበረም። «አዎ፣ ይድናል፣ ተምረነዋል» ብል የሚያስረኝ የለም፤ እንዲያውም ሊቀመንበሩ የሚፈልገው ሳይንስ የሚለውን ቃል መስማት ብቻ ነበር። የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ ያ ሳቅ ወደ እኔ እንዳይዞር። አለቃዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ ሦስተኛው ኮፒ የእሱ መዝገብ ውስጥ ነው። ዓይኔን በጨው ታጥቤ እንዲህ አልኩ፦

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በሳይንስ አፈር ሊጥ አይደለም።»

ከቅድሙ የበለጠ ተሳቀ። ጭብጨባም ነበረበት። የሊጡን ምሳሌ ያመጡት እሳቸው ነበሩ፣ ለእኔ ብቻ፣ ተንበርክከው፣ እንድረዳው ብለው። ያንኑ ቃላቸውን ወስጄ ሰው ፊት ጣልኩባቸው። ሳቁ ሳያልቅም «መሬቱ መሞቱን አስቀድሜ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ» ብዬ ጨመርኩና ተቀመጥኩ።

እትዬ ወደ እኔ ተመለከቱ። ቢቆጡ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። የማያውቀውን ነገር የነገሩት ሰው እንደሚያየው፣ ግራ ተጋብተው ነው ያዩኝ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። መጋዘኑ እንዲሠራ ተወሰነ፤ የክምሩን ማንሣት ለሚቀጥለው እሑድ የሥራ ዘመቻ ተመደበ። የግብሩ ነገር በሳቅ ታለፈ፣ ማንም አላነሣው። ለዓመታት ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነበር፤ ነገሩን ቀልድ ባላደርገው ኖሮ በጥንቆላ ይከሰሱ ነበር፣ ስለዚህ አድኛቸዋለሁ እያልኩ። ይህን ለሰው ሳወራው ጥሩ ይመስላል። ብቻዬን ስሆን ግን አላምነውም።

በዘመቻው እሑድ ለአንድ ሜትር ቁፋሮ የጠፋው መኪና ያለ ችግር መጣ። አካፋ ተሰጠኝ። ክምሩን ከጥግ ጀመርኩ። አካፋው ሲገባ አላስቸገረም፤ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ነበር የገባው። ያወጣሁት አፈር ለብ ያለ፣ ፍርፍር ያለ፣ ቡናማ ነው። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ገጠር የሚሸተው ይሸታል። መሃሉ ላይ ሁለት ወፋፍራም ቀይ የምድር ትሎች ይንፈራገጣሉ። ትል ያለበት አፈር ሞቷል አይባልም፤ ይህን ለማወቅ ኮሌጅ አያስፈልግም። ቀና ብዬ አየሁ። ሰው ሁሉ እየተጫወተ ይሠራል። ከአጠገቤ ማንም አልነበረም።

በትሎቹ ላይ አፈር መለስኩባቸው። ከዚያ ከሥራቸው ዝቄ ትሎቹንም አፈሩንም አንድ ላይ መኪናው ላይ ወረወርኩ። አፈርና ማፈር በእኛ ቋንቋ ለምን እንደዚህ እንደሚመሳሰሉ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ ሲጋራውን እያጨሰ ከጭነቱ አንድ እፍኝ ዘገነና በጣቶቹ መሃል ፈተገው። ከገጠር የመጣ ሰው መሆን አለበት።

«ይሄን የመሰለ አፈር የት ልትደፉት ነው?» አለኝ።

«ወንዝ» አልኩት።

«ምነው ምን አረጋችሁ?» አለ። ወደ መኪናው ተመለሰ። እትዬ ያን ቀን ከቤታቸው አልወጡም። በራቸው ግን ገርበብ ብሎ ነበር፤ ድምፁን ሁሉ ይሰማሉ።

መጋዘኑ በድንጋይ መሠረት ተሠራ። ክረምቱ ሲገባ ያ የድንጋይ መሠረት ድሮ በግቢው ላይ ይበተን የነበረውን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ ወደ እትዬ ቤት ላከው። በሐምሌ መደባቸው ተናደ። እናቴ ሁለት ሌሊት እኛ ቤት አሳደረቻቸው፤ እኔ በእነዚያ ቀናት የመስክ ሥራ አለብኝ ብዬ ሌላ ቦታ አደርኩ። የመስክ ሥራ አልነበረኝም። በመጨረሻ ኮልፌ በኩል ያለው የወንድማቸው ልጅ መጥቶ ይዟቸው ሊሄድ ተወሰነ።

የሚሄዱበት ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። እናቴ ሻይ ቀድታልኝ ከበሩ ፊት ለፊት ካለችው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጫለሁ። የእትዬን ጉልበት፣ እየጎተተ የሚሄደውን እርምጃ፣ ከደጅ ሰማሁት። ሌላ መውጫ የለም። ተነሥቼ ወደ ውስጠኛዋ ክፍል ገባሁና፣ ጫማዬን እንዳደረግኩ አልጋው ላይ ወጥቼ፣ ጋቢ እስከ ራሴ ተከናነብኩ። ክፍሉን የሚለየው መጋረጃ ነው፤ የሚነገረው ሁሉ ይሰማኛል።

ተሳሳሙ። እናቴ አለቀሰች። እትዬ አላለቀሱም። ትንሽ ቆይተው «ልጅሽ የለም እንዴ?» አሉ።

«ምነው፣ ፈለግሽው?»

«ልጠይቀው የፈለግኩት ነገር ነበር። የምሄድበት ቤት ጓሮ አለው አሉኝ። ቀድሞ ወፍጮ ቤት ነበርና ናፍጣ የጠጣ ነው። እንደዚህኛው ላድርገው ብዬ አስቤ ፈራሁ። እሱ የተማረ ነው፣ አይሆንም ካለ አይሆንም ማለት ነው፤ ፌጦው እንዴት እንደበቀለ ግን አልገባኝም። ውሃ አብዝቼ ይሆን? ፋንድያው ይሆን? የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ቢነግረኝ ሁለተኛ ሰው አላስቸግርም ነበር።»

በደብተሬ ላይ በቀይ የተሰመረው ከአልጋዬ ሥር፣ ከጀርባዬ ሥር፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው ያለው።

«ተኝቷል» አለች እናቴ። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር።

ጠረጴዛው ከእትዬ ፊት ለፊት ነው። ትቼው የገባሁት ብርጭቆ ገና እንፋሎት ይወጣው ነበር፣ ቅድም ነው የተቀዳው።

«ይተኛ፣ ደክሞት ነው» አሉ። «ሻዩ እንዳይበርድበት ክደኝለት።»

ብርጭቆው ላይ ማስቀመጫ ሳህኑ ሲደፋ ሰማሁ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። እኔ አልተነሣሁም።